በላስቲክ የተቋጠረው ብሎን

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ፕራሞት የቀን እንቅልፉን ጨርሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ የፒክአፑን በር ሲከፍት ክሩስኮቱ ላይ ትልቅ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ጠበቀው። በገዛ እጁ የገጣጠመው ኮምፒውተር የለም። ስክሪኑ የለም። ከወንበሩ ሥር ሁለቱ አምፕሊፋየሮች፣ ከኋላ ደግሞ ሁለቱ ትልልቅ ቤዞችና አራቱ ትንንሽ ስፒከሮች የሉም። ጋሽ ፕራሞት ጮኸ። ጎረቤቶቹ እንደሚሉት ከሆነ ጩኸቱ ከተሰረቀው ስፒከር አይተናነስም ነበር።

የኖንግ ዋይ ፖሊስ ጣቢያ ቅርብ ስለሆነ ኢንስፔክተር ዊቱን በእግሩ መጣ። ኢንስፔክተሩን ሆዱን ከሥራው ያስቀድማል እያሉ የሚያሙት አሉ፤ ሐሜቱ እውነት ነው። ያም ሆኖ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳይፈታ የተወው መዝገብ ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው የራሱ ጃንጥላ ጉዳይ ነው። ከኋላው ሳጅን ጂራ መዝገቧን በደረቷ ታቅፋ ተከትላዋለች።

«የመኪናው ቀለም?» አለች ሳጅኗ።

«አረንጓዴ» አለ ጋሽ ፕራሞት።

ሳጅን ጂራ ቀና ብላ መኪናውን አየች። እንደ ከሰል ጥቁር ነው። የኋላ መስተዋቱ ላይ ግን በትልልቅ ፊደል «ይህ መኪና አረንጓዴ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«ለተወለድክበት ቀን ጥቁር አይሆንህም አለኝ፣ ኮከብ ቆጣሪው፤ ቀለም በመቀባት ፈንታ ይሄን ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ በሌላ ቀለም ከጠራሁት ይረክሳል።»

«ኢንስፔክተር፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«አረንጓዴ ብለሽ ጻፊ» አለ ኢንስፔክተሩ። የሱም ነጭ መኪና ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ወይን ጠጅ ነበር።

የጋሽ ፕራሞት ሚስት እትዬ ላምዱዋን በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን በመሀረቧ ታብሳለች። ገበያ ላይ ወጥ በፌስታል እየቋጠረች የምትሸጥ፣ ረጅም ጸጉሯን ጠቅልላ የምታስር ቀጭን ሴት ናት። ባሏ ሲናገር እሷ ዝም ትላለች፤ ባሏ ደግሞ ሁልጊዜ ይናገራል።

«ቅዳሜ ልጃችን ቶይ ሊመነኩስ ነው» አለ ጋሽ ፕራሞት። «በሚያዝያ ለውትድርና ዕጣ ሲወጣ ጥቁር ካርድ አወጣልኝ፤ ከጦር ሠራዊት ተረፈ። አሁን የዝናቡን ወራት ገዳም ሊቀመጥ ነው። ከዚህ ደጃፍ እስከ ገዳሙ ድረስ ሰልፉን በሙዚቃ የምመራው እኔ ነኝ፣ በዚች መኪና። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የሠራሁት ለዚያች አንድ ቀን ነው። እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ የተቀናቃኜን የካምሲንግን መኪና መለመን ሊኖርብኝ ነው። ካምሲንግን ከምለምን እኔው ልመንኩስና እዚያው ልቅር!»

ኢንስፔክተሩ አንገቱን ወደ መኪናው አስገባ። የተቆረጠ ሽቦ የለም። የተጫረ ነገር የለም። የእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ በፕላስተር ተጠቅልሏል። የሹፌሩ ወንበር ላይ አንዲት ትንሽ ፌስታል ተቀምጣለች፤ ውስጧ ሠላሳ አንድ ብሎን አለ፤ አፏ በላስቲክ ታስሯል፤ አየር ተሞልታ ተነፍታለች።

«ሌባው ብሎኑን ቋጥሮ ትቶልሃል» አለ።

«ሊያፌዝብኝ ነዋ!»

«ማስጠንቀቂያ አልነበረውም?»

«እንዴት አይኖረውም! ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ አንድ ሽቦ ከተነካ በራሴ ድምፅ ‹ሌባ! ሌባ!› እያለ ይጮኻል። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።»

«አልጮኸም። ስለዚህ መጀመሪያ በሥርዓቱ አጥፍቶታል። ለማጥፋት ምን ያስፈልጋል?»

«የምስጢር ቁጥር። እሱን ደግሞ ከኔ በቀር ማንም አያውቅም።»

በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ከሚያዩት ጎረቤቶች አንዷ ሳል አለች። «ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ሰባት አይደለም እንዴ?»

«መጨረሻው ስምንት ነው» አለ ሌላው።

«ሰባት ነው። ስምንት የነበረው አምና ነው።»

 ለካ ጋሽ ፕራሞት ቁጥሩን በነካ ቁጥር ጮክ ብሎ ይጠራው ኖሯል። ሁለት ዓመት ከቤዝ ጋር የኖረ ጆሮ የራሱን ሹክሹክታ አይሰማም። ሳጅን ጂራ በተጠርጣሪዎች ዝርዝር ላይ የሰፈሩን ስም ጻፈች።

*

ካምሲንግ በዋናው መንገድ ላይ የመኪና ሙዚቃ መግጠሚያ ቤት አለው። ሰፊ ደረት፣ ሰፊ ሳቅ ያለው ሰው ነው፤ ወሬውን ሲሰማ በጣም ስለሳቀ ካቻቪቴው ከእጁ ወደቀ።

«ባዶ ሆነ? ሙሉ በሙሉ? አቤት አቤት! ኢንስፔክተር፣ እኔ ብሆን ይሄን ያህል አልደክምም ነበር። የሱን ሥራ ለማጥፋት ትንሽ መጠበቅ በቂ ነው፤ በራሱ ይቃጠላል። ስታዳምጠው እንደ በሽተኛ ያቃስታል እኮ!»

«ዛሬ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ?»

ካምሲንግ ሳቁን ዋጠው። ሠራተኞቹን አየት አድርጎ ኢንስፔክተሩን ወደ ጓዳ ሳበው። «ኮከብ ቆጣሪው ጋ» አለ በሹክሹክታ።

«ምን ልታደርግ?»

«ፕራሞትን እንዴት እንደማሸንፍ ልጠይቅ።»

ኮከብ ቆጣሪው ሲጠየቅ መሰከረ። ካምሲንግ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ነበር፤ መኪናህ ሐምራዊ ይሁን ቢባል አሻፈረኝ ብሎ ተከራክሯል፤ በመጨረሻም ወረቀቱን ወስዷል። ኢንስፔክተሩ ተመልሶ ሲያይ «ይህ መኪና ሐምራዊ ነው» የሚለው ወረቀት ማንም በማያይበት በኮፈኑ ውስጠኛ በኩል ተለጥፎ አገኘው። ካምሲንግ ነጻ ሆነ።

*

ረቡዕ ማለዳ የተጠየቁት ሁለተኛዋ ተጠርጣሪ አጥር የሚጋሩት ጡረተኛዋ መምህርት ኡራይ ነበሩ። በጋሽ ፕራሞት ሙዚቃ ላይ ዐሥራ አራት አቤቱታ አስገብተዋል፤ ሁሉም በቀይ እስክሪብቶ የተጻፉ ናቸው።

«እኔ ብሆን» አሉ መምህርት፣ መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «በመጥረቢያ ነበር። ብሎን እፈታለሁ ብለህ ነው አንተ ልጅ?»

«የሰሙት ነገር አለ፣ እትዬ?»

«ምን እሰማለሁ! ዝም ያለ ቀን ነበር። ዝምታው ነው የቀሰቀሰኝ። በሰባት ተኩል ብድግ ብዬ ምን ሆኑ ብዬ በአጥሩ አየሁ። ላምዱዋን ብቻ ናት የነበረችው፤ ድስቶቿን በሞተሯ ሳይድካር ላይ ትጭናለች። ኧረ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ጆሮዬ ለምዶታል መሰለኝ። ቶሎ ፈልጉለት።»

ሳጅን ጂራ ይህን ዐሥራ አምስተኛ አቤቱታ አድርጋ መዘገበችው።

*

ረፋዱ ላይ ኢንስፔክተር ዊቱን የብሎኗን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አፍጥጦ ያያት ጀመር። ከጎኗ እትዬ ላምዱዋን ማለዳ ያመጣችው የቀርከሃ ቡቃያ ወጥ አለ። ምስኪኗ ሴት ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ «ለምርመራው አቅም ይሁናችሁ» እያለች ወጥ ታመላልሳለች።

«ይሄን የቋጠረ እጅ መካኒክ አይደለም» አለ። «እዪ፣ አየሩን ሞልቶ፣ ላስቲኩን አራት ጊዜ ወደ ግራ አዙሮ፣ በአንድ እጅ የጨረሰው ነው። ይሄ የወጥ ሻጭ እጅ ነው። አንቺ በዚህ መልክ ቋጥሪ ብትባዪ ትችያለሽ?»

ሳጅን ጂራ ሞከረች። ላስቲኩ ተስፈንጥሮ የአለቃዋን ግንባር መታ።

«አየሽ? በዚህ ከተማ ሁሉም ሻጭ የየራሱ አስተሳሰር አለው። እንደ ፊርማ ነው። ከየሻጩ አንዳንድ ፌስታል እንገዛለን።»

«ባዶ ፌስታል አስረው እንዲያሳዩን ብንጠይቅስ?»

«ይጠረጥራሉ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ምራቁን እየዋጠ።

ያን ቀንና ማግስቱን ዞሩ። የተጠበሰ ዶሮ ሻጩ ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ ያዞራል። የፓፓያ ሰላጣዋ ልጅ ስድስት ጊዜ አዙራ ጥብቅ አድርጋ ታንቀዋለች፤ ኢንስፔክተሩ በጥርሱ ሲበጥሰው ቃሪያው ሸሚዙ ላይ ተረጨ። የካምሲንግ እናት የሩዝ ፓስታ ሾርባ ስትቋጥር አራት ጊዜ ወደ ግራ አዞረች፤ ኢንስፔክተሩ ፌስታሉን ከእጇ ወስዶ አገላብጦ አየው። ግን የሷ ቋጠሮ ጫፍ የለውም፤ የብሎኑ ፌስታል ላይ ላስቲኩ ትንሽ ጆሮ ትቷል፤ ያቺን ጆሮ አንዴ ሳብ ብታደርጋት ሁሉም ይፈታል። ዐሥራ አንድ ሻጭ፣ ዐሥራ አንድ ምሳ። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሳጅን ጂራ ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ ተዘረጋች።

«ጌታዬ፣ ወንጀለኛው ካልተያዘ እኔ ልሞት ነው።»

ኢንስፔክተሩ ግን ሲከፋው ይርበዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ቶይ በተቀናቃኙ ሙዚቃ ሲሸኝ፣ አባቱ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ታየው፤ በጣም ከፋው። እትዬ ላምዱዋን ያን ዕለት ያመጣችውን ወጥ ሳበ፣ ፈታ፣ ሳህን ላይ ገለበጠ፣ በላ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ሳጅኗ ቀና አለች።

«ጌታዬ፣ ይሄን በጥርስዎ አልከፈቱትም።»

የኢንስፔክተሩ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። ላስቲኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳው። በአንድ ስበት ነው የተፈታው።

«ስንት ጊዜ አምጥታልናለች?»

«ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ሁለት፣ ዛሬ አንድ።»

«ማስረጃዎቹ የት አሉ?»

«በልተናቸዋል፣ ጌታዬ።»

*

እትዬ ላምዱዋን ገበያ ላይ ድስቶቿ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ኢንስፔክተሩ እጇን አየ። ፌስታሉን በአየር ነፋች፣ ላስቲኩን አራቴ ወደ ግራ አዞረች፣ ጆሮዋን ተወች። አንድ ጊዜ ዓይን እስኪጨፈን ድረስ እንኳ አልፈጀባትም።

«እትዬ ላምዱዋን፣ አምፕሊፋየሮቹ የት ናቸው?»

«ወጡን ወደዱት?» አለች፣ ሁለተኛውን እየቋጠረች።

«በጣም።»

«እንግዲያው ወጤን ለበላ ሰው አልዋሽም። አያታችን ጋ ናቸው።»

በኖንግ ዋይ አያታችን ማለት ከከተማው ዳር ባለው ዛፍ ሥር ትንሽ ቤት የተሠራለት የአገሩ አድባር ነው።

«ስለት ነበረብኝ» አለች። «ልጄ ዕጣ ሊያወጣ ሲል ሄጄ ተንበረከክሁ። እናቶች ሁሉ የአሳማ ጭንቅላት ነው የተሳሉት። ሃምሳ ሰባት እናት፣ ሃምሳ ሰባት የአሳማ ጭንቅላት! አያት የማንን ይሰማል? እኔ ብልጥ ልሁን አልኩና፣ ‹ልጄ ጥቁር ካርድ ካወጣ፣ ባሌ በቤቱ ካለው ሁሉ አብልጦ የሚወደውን አስገባለሁ› አልኩት።»

«እና ያ ማሽኑ ነው ብለው አሰቡ?»

«እኔማ» አለችና ፌስታሉን አስቀመጠች፤ «እኔማ ጸጉሬ መስሎኝ ነበር። ልጅ እያለን ‹ያቺን ጸጉርሽን የነካሽ እንደሆነ!› ይለኝ ነበር። ተላጭቼ፣ ነጭ ለብሼ፣ ሰባት ቀን ገዳም ልቀመጥ አስቤ ነበር። መቀሱንም ገዛሁ። ያን ዕለት ማታ ጸጉሬን ፈትቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ መጣ፤ አለፈኝ፤ ወደ መኪናው ሄዶ በሩን ከፍቶ ‹ደህና ዋልሽ የኔ ቆንጆ?› አላት። እኔን ፒንሳው የት እንዳለ ጠየቀኝ። አያትን ማታለል አይቻልም፣ ኢንስፔክተር። የኔ ጸጉር ስለት እንደማይሞላ አያት ያውቃል። ልጅ ደግሞ የስለት ዕዳ ላዩ ላይ እያለ አይመነኩስም።»

«ብቻዎን እንዴት ፈቱት?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ መብራት የያዝኩለት እኔ አይደለሁም? መብራት የሚይዝ ሰው ሁሉን ያያል። ድስቶቹ ሥር አድርጌ ሁለቴ ተመላለስኩ።»

«ብሎኑንስ ለምን ተዉት?»

«ብሎኑ የመኪናው ነው። እንዳይጠፋበት ቋጠርኩለት።»

ሳጅን ጂራ ብዕሯን አነሳች፣ አወረደች። «ጌታዬ፣ ሰራቂዋ ሚስት ናት። ዕቃውን የተቀበለው አድባር ነው። ተቀባዩን ለቃሉ እንዴት አድርገን እንጠራዋለን?»

«እኛ እንሄዳለን» አለ ኢንስፔክተሩ። «ባልየውንም ጥሪ።»

*

ዛፉ ሥር ሲደርሱ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ማሽኑ በሙሉ የአያታችን መደርደሪያ ላይ፣ በእንጨት ዝሆኖቹ መካከል ተገጥሞ፣ ከባትሪ ጋር ተያይዞ አንድ የድሮ የሠርግ ዜማ በለስላሳው ያሰማል። የአድባሩ ጠባቂ አባባ ኬን ከጎኑ ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ።

ጋሽ ፕራሞት መጀመሪያ ሮጦ ሊያቅፈው ነበር። መንገድ ላይ ቆመ። ጆሮውን አዘነበለ።

«አያቃስትም» አለ። «ማነው የገጠመው?»

«እኔ» አለች ሚስቱ። «ኔጌቲቩን ሽቦ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ አትሰር ብዬህ ነበር። አንተ ግን ‹መብራቱን ወደዚህ› አልከኝ።»

ከዚያ ኢንስፔክተሩ ስለቱን፣ ጸጉሩን፣ መቀሱን፣ ፒንሳውን አንድ በአንድ ነገረው። ጋሽ ፕራሞት፣ ዝም ማለት የማያውቀው ሰውዬ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሄደና እፍረት መጣበት፤ ኢንስፔክተሩም በልቡ አዘነለት።

«እንግዲህ ስለቱ ገብቷል» አሉ አባባ ኬን። «ማሽኑ የአያት ነው። የገባ አይወጣም።»

«ይቅር» አለ ጋሽ ፕራሞት።

«ምን አልክ?»

«ማሽኑ ይቅር። ልጄን በካምሲንግ መኪናም ቢሆን እሸኛለሁ፤ እለምነዋለሁ። ግን ስለቱ ልክ አይደለም፣ አባባ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይሄን አይደለም። አያት እንዲህ ብሎ እንዲያውቀኝ አልፈልግም።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

ጋሽ ፕራሞት መሬት መሬት አየ። ሣሩን በጫማው ጫፍ ነካካ።

«ያውና፣ እያሰበ ነው!» አለች እትዬ ላምዱዋን።

«እያሰብኩ አይደለም፤ ሰው ፊት አፍሬ ነው!» ጉሮሮውን ጠረገ። «እሷን ነው።»

«ይሄን እኔ አላውቅም፤ አያት ያውቃል» አሉ አባባ ኬንና ጥሬ ሩዝ የሞላበት ሳህን አቀረቡለት። ሁሉም ሕጉን ያውቃል። ቆንጠር ታደርጋለህ፣ ሁለት ሁለት እያደረግህ ትቆጥራለህ። ሁሉም ጥንድ ከሆነ ቃልህ እውነት ነው። አንዲት ፍሬ ከተረፈች ዋሽተሃል።

ጋሽ ፕራሞት አያትን የሚፈራ ሰው ነው። በዚህ ዛፍ አጠገብ ሦስቴ ክላክስ ሳያደርግ አልፎ አያውቅም። ሩዙን ቆነጠረና ምንጣፉ ላይ ዘረጋው። ሁለት። አራት። ስድስት። ስምንት። ዐሥር። ዐሥራ ሁለት።

አንዲት ፍሬ ተረፈች።

 ጋሽ ፕራሞት ፍሬዋን ተመለከታት። ሚስቱን አየ፤ ፊቷን ወደ ዛፉ ልታዞር ስትል አየ። ከዚያ ፍሬዋን በሁለት ጣቱ አነሳት፣ አፉ ውስጥ ከተታት፣ ዋጣት።

«ዐሥራ ሁለት» አለ።

ኢንስፔክተር ዊቱን በሥራ ዘመኑ ማስረጃ ሲጠፋ ያየው ብዙ ነው፤ ዓይኑ እያየ፣ በአድባር ፊት፣ ሲዋጥ ግን አላየም። ሰውየው አሁን የሚጠብቀው መብረቅ እንደሆነ ከትከሻው ያስታውቃል፤ ሆኖም ካለበት አልነቃነቅም አለ።

«ምን ልጻፍ፣ ጌታዬ?» አለች ሳጅኗ በቀስታ።

«ስንት አየሽ?»

«እኔ ቁጥር ላይ ድሮም ደካማ ነኝ።»

«ዐሥራ ሁለት ብለሽ ጻፊ።»

አባባ ኬን ወደ ዛፉ ቀና አሉ። «ዐሥራ ሁለት ከሆነ» አሉ፣ «የተሳለችው ራሷን ነው ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ላምዱዋን የአያት ናት። ማሽኑም አንዴ ገብቷል፤ እሱም የአያት ነው። አያት ግን ወጥ ቤትም ጋራዥም የለውም። ሁለቱንም አውሶሃል። የሰው ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ስትገባ ስትወጣ ደህና ዋልሽ ይባላል። ለሁለቱም አልኩ። መጀመሪያ ለማን እንደሆነ ልንገርህ?»

«አይንገሩኝ።»

ሳጅን ጂራ «ዕቃው ተገኘ፣ ባለንብረቱ ተለይቷል» ብላ መዝገቡን ዘጋች። ማሽኑን ሳይድካሩ ላይ ጫኑት፤ ጋሽ ፕራሞት ስፒከሮቹን አቅፎ ተቀመጠ፤ እትዬ ላምዱዋን ሞተሩን አስነሳች። ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ በጎን ቆመው አሳለፏቸው፤ ስለዚህም ያሉትን ሁሉ ሰሙ።

«ቤት ስንገባ ሙቅ ውሃ ጠጣ» አለች እትዬ ላምዱዋን፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። «ጥሬ ሩዝ ሆድ ይነፋል።»

«የምን ጥሬ ሩዝ?» አለ ባሏ።

«ዐሥራ ሦስተኛዋ» አለችና ማርሽ አስገባች።